ቴክኒሺያኑ መጥቶ ነበር

«ስንት ይቀርሻል?» አለ ክራቫት ያሰረው ሰውዬ።

«ሦስት» አለች ልጅቷ፣ ከደብተሯ ቀና ሳትል።

«ሦስት ደቂቃ?»

«ሦስት ጥያቄ። ሁለቱስ ቀላል ናቸው፤ የመጨረሻው ነው ልቤን ያወለቀው።»

ሰውዬው ዞሮ መኪናውን አየ፤ ዞሮ ልጅቷን አየ። «መኪና ቻርጅ ለማድረግ ፈተና መውሰድ ተጀመረ እንዴ? የወደቀ ሰው መኪናውን እየገፋ ሊሄድ ነው?»

ልጅቷ ያኔ ቀና አለች። በሰውዬውም አይፈረድም። ከዩኒፎርሟ ላይ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ቢጫ የሥራ ሰደርያ ደርባ፣ የጣቢያው ሠራተኛ ወንበር ላይ እግሯን አጣጥፋ ቁጭ ስትል ማን ተማሪ ናት ይላታል? ሰደርያውን የደረበችው ብርዱን ፈርታ ነው፤ ወንበሩም የእናቷ ነው።

«ውይ፣ ይቅርታ ጋሼ! የሒሳብ የቤት ሥራ ነው እኮ። እማ! እማዬ! ሰው መጥቷል!»

እናቷ ከአራተኛው ማሽን ጀርባ ገመድ እየጠቀለለች ብቅ አለች። ግራ ጉንጯ አብጧል፤ ጥርሷን ካመማት ሦስተኛ ቀኗ ነው።

ጣቢያው ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ጀርባ ያለ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ግቢ ነው። ቁም ሳጥን የሚያካክሉ አራት ፈጣን የመኪና ቻርጀሮች ግድግዳውን ታክከው ተደርድረዋል። የእናትየው ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው። በየግማሽ ሰዓቱ አራቱን ማሽኖች እየዞረች ታይና በጣቢያው ስልክ ላይ ለእያንዳንዱ ከሦስት ቃላት አንዱን ትነካለች። «ዝግጁ» ካለች በከተማው ሾፌሮች ሁሉ ስልክ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ይበራል። «ተይዟል» ካለች ቢጫ፣ «ብልሽት» ካለች ቀይ። ባትሪው ሊያልቅበት የደረሰ ሾፌር ያቺን ነጥብ አምኖ ነው መሪውን የሚያዞረው።

ማሽኑ ራሱ አይናገርም ወይ የሚል አይጠፋም። ይናገራል፤ ችግሩ ስለ ራሱ ሲጠየቅ ሁልጊዜ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ትኩሳት ጥሎት አልጋ ላይ ተጋድሞ «ምንም አልሆንኩም፣ ደህና ነኝ» እንደሚል ሰው። በተለይ ሦስተኛው! ገመዱን ሲሰኩት ደስ ብሎት ይቀበላል፣ አራት ደቂቃ ይሠራል፣ ከዚያ እጀታው ይግልና ቀጥ። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳላደረገ ሁሉ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ይገተራል። ለዚህ ነው እናትየው «አምስት ደቂቃ ሳልቆምበት ዝግጁ አልልም» የሚል የራሷን ሕግ ያወጣችው። ልጅቷም በትልልቁ «አረንጓዴውን አትመኑ» ብላ ጽፋ የሦስተኛው ማሽን ደረት ላይ በፕላስተር ለጥፋለታለች።

ክራቫት ያሰረው ሰውዬ በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ሄደ።

«ጌታዬ፣ እሱ ብልሽት ነው። አንደኛው አሁን ይለቀቃል» አለች እናትየው።

ሰውዬው አልሰማትም፤ ወይም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ገመዱን ሰካና ሰዓቱን እያየ ቆመ። በአራተኛው ደቂቃ ማሽኑ ጠቅ ብሎ ጠፋ። እናትየው ባበጠ ጉንጯ ፈገግ አለች። አላልኩህም የሚል ፈገግታ ነው፤ ምስጋናም ሳትጠብቅ አልቀረችም።

ሰውዬው ወረቀቱን ገንጥሎ ጨመደደው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ማስጠንቀቂያ ነው ጌታዬ።»

«ቆሻሻ ነው። ማሽን ላይ ወረቀት አይለጠፍም፤ የድርጅቱን ገጽታ ያበላሻል።» ከኪሱ መታወቂያ አወጣ። «አዲሱ የጣቢያዎች ተቆጣጣሪ ነኝ። ከዚህ ወር በኋላ እዚህ ግቢ አንድ ሠራተኛ ብቻ ነው የሚቀረው። ያንቺንና የከሰዓቱን ተረኛ ሪፖርት አያለሁ። ስህተት የተገኘበት ይሄዳል።»

«ሁለታችንም ባንሳሳትስ?»

«አንዳችሁ ትሳሳታላችሁ» አለ፣ ነገ ይዘንባል እንደሚል ሰው። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። ባትሪው ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው፤ ከመጀመሪያውም ቻርጅ ሊያደርግ አልነበረም የመጣው።

እናትየው ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ከዚህ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ፎቅ ስትወለውል፣ ደረጃ ስታጥብ ኖራለች፤ ጉልበቷ ከእሷ ቀድሞ አርጅቷል። ይኼ በዕድሜዋ የመጀመሪያው ወንበር ያለው ሥራ ነው። የምትጠራውም እንደዚያ ብላ ነው፤ «ወንበር ያለው ሥራ» ትለዋለች እንጂ ሌላ ስም አትሰጠውም።

«እማ፣ ቢያስወጡሽስ?»

«ወደ ባልዲዬ ነዋ!» አለችና ጉንጯን ያዘች። «እሱስ ቢወጣ? ባለጃንጥላው ምን በደለ?»

ባለጃንጥላው የከሰዓት በኋላው ተረኛ ነው። ዝናብ ሲጥል ሾፌሮቹ ገመድ እስኪሰኩ ድረስ ጃንጥላ ይዞላቸው ይቆማል፤ ራሱ ግን ይበሰብሳል። እንዲህ አድርግ ብሎ ያዘዘው ሰው የለም።

ባለጃንጥላው አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ ከልጅቷ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚማሩት። ስትስቅ አፏ ውስጥ ያለው ጥርስ ሁሉ ተሰልፎ ስለሚወጣ «ሰላሳ ሁለት» ይሏታል። ሳቁን ከአባቷ ነው የወረሰችው። ሁለቱ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያች ወንበር ላይ ተጣብቀው የቤት ሥራ ሠርተዋል፣ አንድ ዳቦ ለሁለት ገምጠዋል። እጅና ጓንት ነበሩ።

ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ትምህርት ቤቱም ልጆቹም አዲስ ሆኑ። በመጀመሪያው ሳምንት ሰላሳ ሁለት «አባቴ መሐንዲስ ነው፤ የመኪና ቻርጀሮቹን የተከላቸው እሱ ነው» አለች። ልጆቹ ወደ ልጅቷ ዞረው «እውነቷን ነው?» ሲሏት «አዎ» አለች። ጓደኛዋ ናት፤ ምን ታድርግ? ውሸቱን አብራ ተሸከመችላት። ሰው ደግሞ ውሸቱን የሚያውቅበትን ሰው አይወድም። ወር ሳይሞላ ልጅቷ «ሦስት ፐርሰንት» የሚል ስም ወጣላት። ቀስ ብላ ስለምትናገር ባትሪዋ ሊያልቅ ነው ለማለት ነው። ስሙን ያወጣችው ሰላሳ ሁለት ናት።

ከስሙ ቀጥሎ ካርታው መጣ። ሰላሳ ሁለት የክፍሉን ዴስኮች ወረቀት ላይ ሣለች፤ በእያንዳንዱ ተማሪ ቦታ ላይ ባለቀለም ነጥብ አደረገች፤ ፎቶ አንስታ በክፍሉ የስልክ ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። አረንጓዴ ማለት ዝግጁ፣ አብረውት ቢታዩ የማያሳፍር ልጅ ነው። ቢጫ ማለት ተይዟል፣ ፍቅር የጀመረ። ቀይ ማለት ብልሽት። ካርታው በየጠዋቱ ይታደሳል። መጀመሪያ ሁሉም እንደ ቀልድ ነው ያየው። ልጅቷ ቀይ በሆነች በአራተኛው ቀን ግን ዴስክ የምትጋራት ልጅ ቦርሳዋን አንስታ «ሙድ እንዳይዙብኝ ነው፤ አትቀየሚኝ» ብላ ወደ ኋላ ሄደች። ከዚያ ሦስት ሳምንት አለፈ። ቀዩ ነጥብ ንቅንቅ አላለም።

ተቆጣጣሪው በመጣ ማግስት፣ በእረፍት ሰዓት፣ ልጅቷ ደፍራ ጠየቀች።

«ለምንድን ነው ቀይ ያደረግሽኝ?»

«እኔ ምን አገባኝ? ሪፖርት ነው» አለች ሰላሳ ሁለት። «ያየሁትን ነው የምዘግበው።»

«እስከ መቼ?»

«አቦ አታካብጂ! ማሽን ሲበላሽ ምን ይደረጋል? እስኪ ቀዝቀዝ በይ፤ ምናልባት ትነሺ ይሆናል።»

ልጆቹ አሽካኩ። ሰላሳ ሁለት ደግሞ ሳቅ አንዴ ከቀመሰች ማቆሚያ የላትም። ከወንዶቹ የስፖርት ሰደርያ ቀምታ አጠለቀች፤ ቢጫ ነበር። የያዘችውን ዳቦ ግራ ጉንጯ ውስጥ ወትፋ አሳበጠችው። ከዚያ እያነከሰች ከዴስክ ዴስክ ትዞር ጀመር፤ አንዱን ልጅ በጣቷ ነካ ታደርግና በሞላ አፏ «ዥግጁ ነው ጌታዬ!»፣ ሌላውን «ተይዧል ጌታዬ!» ልጅቷ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ጉንጯን ይዛ አቃሰተች። «ይቺ ብልሽት ናት ጌታዬ! መለዋወጫም የላትም!»

«ጌታዬ» አባባሏ እንኳ አልቀራትም። ያንን ጉንጭ ያየችው ትናንት የአባቷን ምሳ ዕቃ ይዛ በጓሮ በር ሹልክ ስትል ነው። እናትየው በዚያ ሕመም ውስጥ ሆና «ነይ የኔ ልጅ፣ ብርድ ነው፣ ወደ ውስጥ ግቢ» ብላት ነበር።

ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ልጅቷ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበራት፤ «አባትሽም ይኼንኑ ሰደርያ ነው የሚለብሰው» የምትል። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። መልሳ ዋጠቻት። ደግነት ነው እንዳትሉ፤ እያጠራቀመች ኖሯል።

ጣቢያው ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። እናቷ ቦርሳዋን አንግታ ቆማ ትጠብቃት ነበር። እብጠቱ ዓይኗን ሊደፍነው ምንም አልቀረው።

«ጥርስ ነቃዩ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዛሬ ካልተነቀለ አልችለውም። አሁን ስሚኝ። ደብተርሽን ተይውና ስሚኝ።»

ፈረቃ ሲቀየር የጣቢያው ስልክ የቀደመውን ሠራተኛ ሪፖርት ሁሉ ይረሳል፤ አዲሱ ተረኛ ዞሮ አይቶ እስኪሞላው ድረስ የማሽኑን ቃል ነው የሚይዘው። ስለዚህ ወጪው ለገቢው በአፍ ነግሮት ይሄዳል። ለጥንቃቄ ደግሞ ወረቀቱ ነበር፤ ወረቀቱን ተቆጣጣሪው ጨምድዶታል።

«ቴክኒሺያኑ ጠዋት መጥቶ፣ ሠርቻለሁ ብሎ ፈርሞ ሄዷል» አለች እናቷ። «አልሠራውም። ሁለት ጊዜ ቆሜበታለሁ፤ አሁንም በአራተኛው ደቂቃ ቀጥ ይላል። ባለጃንጥላው ፊርማውን አይቶ እንዳይሸወድ። 'ሦስተኛውን አትመን፣ ቀይ አድርገው' በይው። ሳትነግሪው ንቅንቅ እንዳትዪ።»

«እሺ እማ።»

«እስኪ ድገሚልኝ።»

«ሦስተኛውን አትመን፣ ቀይ አድርገው።»

«ጎሽ!» አለችና ጉንጯን እንደያዘች ወጣች።

ባለጃንጥላው አሥር ሰዓት ሲሆን ጃንጥላውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ደረሰ።

«እናትሽስ?»

«ጥርሷን ልትነቀል ሄደች።»

«አይ ጥርስ! እኔ ሁሉም አሉኝ፤ ግን እንደ ዘመድ ናቸው፣ በየተራ ነው የሚያሙኝ።» ሳቀ። ጥርሶቹ ተሰልፈው ወጡ። ልጅቷ ያንን ሳቅ ስታይ ጉንጭ ውስጥ የተወተፈ ዳቦ ታያት።

ሰውዬው ከኪሱ አንድ እሽግ ብስኩት አውጥቶ እጇ ላይ አኖረላት። «ለልጄ ብዬ ነበር። አንቺ ብዪው፤ እሷ አሁን አሁን ከኔ እጅ መቀበል ትታለች።» ከዚያ ስልኩን አነሣ። አንደኛውን ዞሮ አየ። ሁለተኛውን አየ። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ወደ እሷ ዞረ። «ይኼስ በሽተኛ?»

ልጅቷ የብስኩቱን ወረቀት መላጥ ጀመረች። እናቷ ያስደገመቻት ቃል በአፏ ውስጥ ሙሉውን ነበር፤ አንዱም አልጎደለም። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ቴክኒሺያኑ መጥቶ ነበር።»

ውሸት አይደለም። አንዲት ፊደል እንኳ ውሸት የለባትም።

«ተመስገን! ይኸው ፈርሞም የለ!» አለ ባለጃንጥላው። አረንጓዴውን መብራት ጎንበስ ብሎ አየው። «መቼም እናትሽ እንከን ቢያገኝበት ሳትነግረኝ አትሄድም። እሷ ዝም ካለች አለቀ።»

ልጅቷ ብስኩቱን እያየች ቆመች። ባለጃንጥላው አውራ ጣቱን ስልኩ ላይ አሳረፈ። ዝግጁ።

በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች። ሰውዬው እጁን አውለበለበላት። ሃያ እርምጃ ብትመለስ፣ አራት ቃል ብትተነፍስ ያልቅ ነበር። አልተመለሰችም። ቤት ስትገባ እናቷ ጥጥ ጎርሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። በቅንድቧ ነው የጠየቀቻት፤ «ነገርሽው?» ልጅቷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። አፏን እንኳ አልከፈተችም።

በማግስቱ ጠዋት የክፍሉ ልጆች ሁሉ አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው አገኘቻቸው። ቪዲዮ ነው። ከላይ «ውሸታሙ ዘበኛ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ቪዲዮው ውስጥ ያካፋል። አንድ ሾፌር በሦስተኛው ቻርጀር ፊት ይጮኻል። «ሁለት ፐርሰንት ነበረኝ! አረንጓዴ ብለህ ነው የጠራኸኝ! ሌላ ጣቢያ አልፌ ነው የመጣሁት!» መኪናው ሞቷል፤ ሌሎቹ ሦስት ማሽኖች ተይዘዋል፤ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። ከኋላ ወንበር ላይ በዚያው ቀን ከሆስፒታል የወጣች ሚስቱ ታቃስታለች፤ ድምጿ በደንብ ይሰማል። ባለጃንጥላው በመስኮቱ በኩል ዝናቡ እንዳይመታት ጃንጥላውን ዘርግቶ ይዞላታል። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ተሠርቷል ብዬ ነው» ይላል፤ ከድንጋጤው የተነሣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቷል። «ትስቃለህ ደግሞ?» ይላል ሾፌሩ። ጃንጥላውን ይነጥቀዋል፤ ጉልበቱ ላይ ያደርግና እንደ እንጨት ይሰብረዋል።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። «ድገመው! የሰበረበትን ድገመው!»

«አንቺ» አለ ስልኩን የያዘው ልጅ፣ ወደ ሰላሳ ሁለት ዞሮ። «ይኼ ሰውዬ ጥርሱ አንቺን አይመስልም?»

«እኔን?» አለች። እሷም ስትስቅ ነበር፤ ሳቋ ፊቷ ላይ እንደቀረ ደረቀ። «አባቴ መሐንዲስ ነው። ይኼን ሰውዬ አላውቀውም።»

ልጁ መለሰው፣ አስኬደው፣ ድንገት አቆመው። ቪዲዮውን የቀረጸው ሰው ስልኩን ወደ ጎን ያዞረባት አንዲት ሴኮንድ ናት። ከአራተኛው ማሽን ጀርባ፣ በዚሁ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ ምሳ ዕቃ በሁለት እጇ የያዘች ልጅ ቆማለች። ሰዎች አባቷን ሲያዋርዱት ታያለች። አትንቀሳቀስም።

አንድ ልጅ በረጅሙ አፏጨ። ከዚያ የመጣውን ለመናገር ይከብዳል። የዘበኛ ልጅ ማለት ብቻ ቢሆን ደህና ነበር፤ አባቷን የካደች አሏት፣ ምሳ ዕቃ አሏት። «መሐንዲሱ ጃንጥላውን ዲዛይን ያደረገው ራሱ ነው?» አሏት። አንዱ እስክሪብቶ ጉልበቱ ላይ እየሰበረ ያሳያታል። ትናንት ስታስቃቸው የዋሉት እነዚያው ናቸው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አዲስ ካርታ ወጣ፤ የሣለው ሌላ እጅ ነው። የሰላሳ ሁለት ቦታ ላይ ቀዩ ነጥብ እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪቀድ ድረስ ደምቋል።

የልጅቷ ነጥብ አረንጓዴ ሆኗል።

ጥላት የሄደችው የዴስክ ጓደኛዋ ቦርሳዋን ይዛ ተመለሰች። «መቶ ፐርሰንት ሆንሽ እኮ! ይመችሽ!» አለችና ጎኗ ተቀመጠች። ከካራሜላዋ ግማሹን ሰጠቻት። ልጅቷ ተቀበለች፤ አላመሰገነችም። ከፊት ዴስክ ላይ ሰላሳ ሁለት ብቻዋን ተቀምጣ፣ አፏን ገጥማ፣ ጥቁር ሰሌዳውን ታያለች። ያቺን ልጅ አፏን ገጥማ ያያት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ልጅቷ ስትጠብቅ የኖረችው ይህንኑ ነበር። ደርሶ ስታየው ግን ጆሮዋ ውስጥ የሾፌሩ ሚስት ታቃስትባታለች።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ እናቷ በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት። «ተቆጣጣሪው ሁላችንንም ጠርቷል። አንቺንም» አለች። መንገዱን ሙሉ እጇን ይዛት ሄደች፤ ከሕፃንነቷ ወዲህ እንዲህ ይዛት አታውቅም። «አትፍሪ። አንዲት ቃል ናት። ነግሬዋለሁ ትያለሽ፣ ወደ ቤታችን እንሄዳለን።»

ተቆጣጣሪው በጣቢያው ጠባብ ክፍል ውስጥ የእናትየው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሌላ ወንበር ስለሌለ ሌሎቹ ቆሙ። ባለጃንጥላው ጥግ ላይ ነበር፤ እጆቹን የሚያደርጋቸው ቦታ ጠፍቶታል።

«ነገሩ አጭር ነው» አለ ተቆጣጣሪው። «ትናንት አሥር ሰዓት ላይ የማይሠራ ማሽን ዝግጁ ተብሎ ተመዝግቧል። የመዘገብከው አንተ ነህ። ብልሽት መሆኑ ተነግሮሃል ወይስ አልተነገረህም?»

ባለጃንጥላው ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ነግሬዋለሁ ጌታዬ» አለች እናትየው፣ ጥጡን በምላሷ ገፋ አድርጋ። «በልጄ ልኬበታለሁ። እኔ ጥርሴን...»

«ጣቢያ ጥለሽ ሄድሽ?»

«ግማሽ ሰዓት ናት ጌታዬ። መልእክቱ ግን ደርሷል። የኔ ልጅ የላኳትን አትረሳም፤ እንኳን ይኼን ያህል ነገር የሱቅ መልእክት እንኳ አትረሳም።»

ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን ከፈተ። «መልካም። መልእክቱ ከደረሰው፣ ሰምቶ ችላ ያለው እሱ ነው፤ እሱ ይሄዳል። ካልደረሰው፣ ሥራዋን ለልጅ ጥላ የወጣችው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ትሄጃለሽ።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «ነገርሽው?»

«ነግራኝ ይሆናል» አለ ባለጃንጥላው ድንገት። «ልጅቷን አታስጨንቃት። እኔ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም። ነግራኝ ሳልሰማት ቀርቼ ይሆናል።»

ልጅቷ አየችው። ጆሮው ምንም አልሆነም። ዝናብ ገና ከሩቅ ቆርቆሮ ሲመታ ሰምቶ ጃንጥላውን የሚያነሣ ሰው ነው። ስታየው ዓይኑን ወደ ወለሉ መለሰ። የትናንቷን ቃል አንድ በአንድ ያስታውሳታል። ከዚህም ሌላ ሳያውቅ አልቀረም፤ ሴት ልጁ ትናንት ክፍል ውስጥ ምን አድርጋ እንደዋለች ሳይሰማ አይቀርም።

እናቷ መዳፏን ጀርባዋ ላይ አሳረፈችባት፤ ለማበርታት ነው። እጇ ሻካራ ነው፤ የባልዲው ዘመን ገና ከቆዳዋ አልለቀቀም። አንዲት ቃል ናት። ሰውዬው ራሱ አጉርሷታል፤ መዋጥ ብቻ ነው የቀራት። ከዋጠች ወንበሩ የእናቷ፣ አረንጓዴውም የእሷ ሆኖ ይቀራል። ማንም አይጠይቃትም። እሱም እስኪሞት አይናገርም።

ልጅቷ ከእናቷ መዳፍ ሥር አንድ እርምጃ ወጣች።

«አልነገርኩትም» አለች። «ቴክኒሺያኑ መጥቶ ነበር ብቻ ነው ያልኩት። ረስቼ አይደለም፤ አውቄ ነው።»

የእናትየው እጅ በነበረበት፣ አየር ላይ ቀረ። ውጭ አንድ መኪና ጥሩንባ ነፋ፤ የሚወጣ ሰው አልነበረም። ባለጃንጥላው «አይ ልጄ» አለ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

ተቆጣጣሪው ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ ባለጃንጥላውን አየው። «ታዲያ አንተ ፊርማ አይተህ ብቻ ነው ዝግጁ ያልከው? ሳትሞክረው?»

«ሳልሞክረው» አለ ባለጃንጥላው።

ተቆጣጣሪው ይህንንም ጻፈ። እስክሪብቶውን ከደነ፤ ከወንበሩ ተነሣና ክራቫቱን አስተካከለ።

«እኔ እንኳ» አለ፣ «አንዳችሁን ሥራ ላይ ላስቀር ነበር የመጣሁት።»